የጋሽ ጀምበሬ ግራ ዓይን

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ማንም ሳይሞት የሚያለቅስ አንድ ሰው አይጠፋም። በካርቱም፣ በቡሪ ሰፈር፣ ይህ ማዕረግ የልብስ ሰፊው የጋሽ ጀምበሬ ነበር፤ የሊቀ አልቃሾቹ። ግራ ዓይኑ ክረምት ከበጋ ይፈሳል። አቧራ ሲነሳ ይፈሳል፣ አቧራው ሲተኛም ይፈሳል። እሱም በመሐረቡ ጫፍ እየጠረገ፣ "ዓይኔን አትዩት፣ አፌን ስሙት" ይላል።

ማን ሰምቶት። ሰርግ ቢታደም፣ የሙሽራዋ እናት "ስለ ልጁ የሚያውቀው ጉድ ቢኖር ነው" ብላ ሙሽራውን ስትመረምር አመሸች። ፖሊስ መታወቂያ አምጣ ብሎ ቢያስቆመው፣ ፊቱን አየና "ማዓሌሽ፣ ያ ሐጅ" ብሎ በዓረብኛ አጽናንቶት፣ ትከሻውን ቸብ አድርጎ አሰናበተው። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሁሉ ሳትጠየቅ የቤቷን ብሶት ዘርግፋለት ትሄዳለች፤ አብሯት የሚያለቅስ ይመስላታላ።

ጎረቤቱን የኔነሽን ግን ይህ ዓይን አላሳቃትም። እናቷ ጎንደር ታማ ተኝታለች። በስልክ የሚነገራት "ደኅና ናት" ብቻ ነው። ለስደተኛ እውነቱ የሚነገረው ሽማግሌ ተልኮ፣ በማለዳ፣ በር ተንኳኩቶ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ከስልኩ ይልቅ የሰው ፊት ታነባለች። አንድ ጠዋት ጋሽ ጀምበሬ የተዋሰውን ድስት ሊመልስ ብቅ አለ። ዓይኑን አየች። ድስቱን ሳታይ "እናቴን" ብላ ወደቀች። ጎረቤቷ ሀዋ ውሃ ረጭታ እስክታነቃት፣ ግማሹ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ደርሶ ነበር።

"ወይ ዓይንህን ታከም፣ ወይ በሬን አትርገጥ" አለችው የኔነሽ እንደነቃች።

"ከደረቀ በኋላስ ለቅሶ ቤት ምን ይዤ እሄዳለሁ?"

"እንደ ሰው ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።"

ራሷ ይዛው ሄደች። ዶክተር ኦመር የዓይኑን ጥግ ጫን ጫን አድርጎ አየና ሳቀ። "አንተ ከሰው አብልጠህ አታለቅስም። የሰው ሁሉ እንባ በስውር ቦይ ወደ አፍንጫው ይወርዳል፤ ያንተ ቦይ ተደፍኗል። ዝናብ ሲጥል መንገዳችንን አይተኸው የለ?" በአፍንጫው አጥንት በኩል ትንሽ በር ከፈተለት። እንዳይዘጋ ቀጭን ቱቦ አስገባበት፣ ቁስሉ ሲድን አወጣው።

ዓይኑ ደረቀ፤ ቡሪም ቅር አለው። "ጋሽ ጀምበሬ ልቡ ደነደነ" ተባለ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን አስለክተው ብሶታቸውን ይዘው ይመለሱ ጀመር። የኔነሽ ብቻ እፎይ አለች። እናቷ ስትድን የምትለብሰውን ቀሚስ እንዲሰፋላት ጨርቅ ሰጠችው። በሯ ላይ ሲቆም ያን ደረቅ ዓይን ታያለች፣ "ግባ" ትለዋለች፣ ትስቃለች።

ሽማግሌዎቹም እሱን ያስቀደሙት ለዚሁ ነው። አንድ እሑድ ማለዳ፣ "አንተን ስታይ አትደነግጥም፤ ግባና አረጋጋት፣ እኛ እንከተልሃለን" ብለው ላኩት።

ገባ። ዓይኑ ደረቅ ነው። ሻይ ቀዳችለት። ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ መብራቱ መጥፋት አወራ፣ ተመልሶ ስለ ሙቀቱ አወራ።

"ዛሬስ ወሬኛ ሆነሃል" አለችው እየሳቀች። "ይልቅ የእማዬን ቀሚስ መቼ ነው የምትጨርስልኝ?"

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ግራ ዓይኑ ሞላ፤ ከዚያ በዘመኑ ረጥቦ የማያውቀው ቀኙ ሞላ። ዶክተሩ የከፈተው በር ያን ሁሉ ጎርፍ አልቻለውም።

የኔነሽ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"ጋሽ ጀምበሬ፣ ዓይኔን አትይው በለኝ።"

መሐረቡን በኪሱ ፈለገ፤ ካቆመ ቆይቷል መያዝ።

"በለኝ እንጂ።"

አላላትም። የነጠላዋን ጫፍ አነሳችና መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ጠረገችለት። ከዚያ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጥላ የራሷን ለቅሶ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የሚነግሯት ነገር አልቀረም ነበር።