«አንጎሉ ማነው?»

ሰው የሚታሰረው ዋሽቶ፣ ሰርቆ ወይም ደፍሮ ይመስላችኋል? እኔ ተይዤ የተወሰድኩት ስለ ዓይን አስተምሬ ነው።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰኞ ገበያው ባለልኳንዳ ከጋሽ ሰይድ ሁለት የበሬ ዓይን ለምኜ ክፍል ውስጥ ሰነጠቅኋቸው። ልጃቸው ዘይነባ ተማሪዬ ናት፤ ከአፌ የወጣውን ሁሉ ትጽፋለች። በዓይን ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ብርሃን የሚለዩ ሕዋሶች አሉ አልኩ። ጠባያቸው ጉድ ነው፤ በጨለማ ያለማቋረጥ መልእክት ይልካሉ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ጭጭ ይላሉ። ጎረቤታቸው ያለው ሕዋስ ነገሩን ከዝምታቸው ይረዳና ወሬው በነርቭ በኩል አንጎል ይደርሳል። ይህን ብዬ የእጄን ጠመኔ በኩራት አራገፍኩ።

ለካ ያን ጊዜ ሕዋስ ማለት ተደብቆ የሚሰበሰብ የድርጅት ቡድንም ነው! የዘይነባ ደብተር በማን እጅ እንደሆነ እንጃ፣ ቀበሌ ገባ። በማግስቱ ጠዋት እኔም ገባሁ።

ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ አነበበልኝ።

«ሕዋሶች በጨለማ መልእክት ይልካሉ። ብርሃን ሲመጣ ዝም ይላሉ።» ቀና አለ። «አንጎሉ ማነው? ስሙን ተናገር!»

«የ… የሁላችንም ነው» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ቢሮ ተወስደው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። በዚህ መሃል ጋሽ ሰይድ ማንም ሳይጠራቸው፣ ደም የነካ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ዘው አሉ።

«ልጄ» አሉት ሊቀመንበሩን፤ «ዓይኖቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ከኮምቦልቻ የገባ በሬ ነው። በሬ ደግሞ የምን ድርጅት አለው? ጥፋት ከሆነ ያረድኩትን እኔን እሰረኝ!»

ሊቀመንበሩ ሳቁን ሊውጥ ቢታገል አመለጠው። እሱ ሲስቅ ጠባቂዎቹም ሳቁ።

«እርስዎ ደግሞ!» አላቸውና ደብተሩን ወረወረላቸው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሁለተኛ ሕዋስ ስትል እንዳልሰማ!» አለኝ።

«ምን ልበል ታዲያ?»

«መምህሩ እኔ ነኝ? ሌላ ስም ፈልግለት!»

ከግቢው እንደወጣን እጃቸውን ልስም ያዝኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ለእኔ ብለው እንዲህ ይድፈሩ?»

ደብተሩን ጋዋናቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ኧረ መምህር፣ የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው እኮ፤ ከአንተ ቀጥሎ ማንን ሊጠሩ ኖሯል? አንተንማ ወላሂ፣ እግረ መንገዴን ነው።»