አቶ አይታወቅም ወደ ደሴት ሲሄዱ

በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ሥራውን ይሠራል፣ ግብሩን ይከፍላል፣ ጎረቤት ሰላም ይላል። መንገድ ልትሄድ ነው በሉትና ከሻንጣ ፊት አቁሙት፤ ያን ጊዜ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። እኛ ሻንጣ የምንለው ልብስ መያዣውን ነው። እሱ ግን ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱንና የዕቃ ግምጃ ቤቱን አጣጥፎ ካልከተተበት ተጓዝኩ አይልም።

የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነችው ፀጉር ሠሪ ያገባችው ይህንኑ ዓይነት ሰው ነው። እናቷ ገና በሠርጉ ሰሞን ስም አውጥተውላቸው ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አቶ አይታወቅም። በጠራራ ፀሐይ ለምን የዝናብ ልብስ ያዝክ ሲባሉ፣ "አይታወቅም" ይላሉ። ጎረቤት ለመጠየቅ ሲወጡ ለምን ትርፍ ሸሚዝ ሲባሉም ያው ነው። ሥራቸው ሊፍት መጠገን ነው። ሊፍት በብዙ ገመድ እንደሚንጠለጠል፣ አንዱ ገመድ ብቻውን ግን ሊሸከመው እንደሚችል ያስረዳሉ። ታዲያ የቀሩት ምን ያደርጋሉ ብሎ የጠየቃቸው ሰው መልሱን ሲሰማ ራት ሳይበላ ያመሻል።

አንድ ጊዜ ከሚስታቸው ጋር እህቷ ቤት ተጠርተው ሄዱ። በእግር የሚደረስ ሰፈር ነው። እሳቸው ግን የእጅ ባትሪ፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት፣ ብሎን መፍቻና አንድ ጥንድ ካልሲ በቦርሳ ይዘው ተነሡ። ካልሲው ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሚስት በሃፍረት አለቀች። ምግቡ ቀርቦ ገና ሰው እጁን ሳይሰነዝር መብራት ድርግም አለ። አቶ አይታወቅም ባትሪውን አውጥተው ጠረጴዛው መሃል አቆሙት። የተጋበዘውንም ሁሉ በየተራ አዩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማን ይቻላቸው።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። የደሴቱ ጉዳይ ግን አያስቅም ነበር።

ፀጉር ሠሪ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ አብጦ የጫማው ቅርጽ ታትሞበት ይታያል። ደንበኞቿ ደግሞ መስታወቱ ፊት ተቀምጠው ስለ ሞቃት ደሴት ያወሩላታል፤ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ አሸዋው ዱቄት ነው ይሏታል። እሷ ማበጠሪያዋን ይዛ ታዳምጣለች። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ያንን እግር እዚያ ውሃ ውስጥ መንከር ነበር ምኞቷ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ዓምና ሊሄዱ ተነሥተው ነበር። ታክሲው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ አቶ አይታወቅም ሻንጣውን ፈትተው እንደ አዲስ ማሸግ ጀመሩ። ከዚያ የጋዙን መዝጊያ ሊያዩ ተመለሱ፤ ከዚያ የቧንቧውን፤ ከዚያ እንደገና የጋዙን። ሲደርሱ አውሮፕላኑ ሄዷል። እሷ አልጮኸችም። ቤት ገብታ አዲሱን የዋና ልብሷን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳ ሰቀለችው፤ ከዚያ በኋላም "ምሳ ቀርቧል" ከማለት ያለፈ ወሬ ሳይኖራት ሰነበተች።

ዘንድሮ ትኬቱን ራሷ ቆርጣ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ቁርጡን ነገረቻቸው።

"ዘንድሮ ብታረፍድ አልጠብቅህም፤ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ምን እንደምወስን እኔም አላውቅም።"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። አቶ አይታወቅም የሚፈሩት ደግሞ ይህንኑ ነበር።

ለሞቃት ደሴት ምን ይያዛል? እሷን ብትጠይቋት የዋና ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ሰንደል ጫማና ስስ ቀሚስ ትላችኋለች፤ በፌስታልም ይገባል። እሳቸው ዘንድ ግን ገና ብዙ ሳምንት ሲቀረው የቤቱ ዕቃ መሰወር ጀመረ። የጥፍር መቁረጫ የት ነው ስትል፣ ሻንጣ ውስጥ ነው። መቀሱስ? ሻንጣ ውስጥ። ካውያውም፣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውም፣ መርፌና ክሩም ከነቁልፎቹ ተሰደዱ። አንድ ቀን ልብስ ስትፈልግ ያንን ወፍራም የሱፍ ሹራብ አገኘችው። እዚያ አገር ሰው በቁምጣ ነው የሚውለው አለቻቸው። እሳቸው በዝግታ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ደሴቱን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም፣ አሉ።

ያን ጊዜ ነው እሳቸው ያላዩትን የትኬቱን ጀርባ ያነበበችላቸው። ርካሹን ትኬት ነው የቆረጠችው፤ አውሮፕላኑም ትንሽ ነው። ለሁለቱም የተፈቀደው አንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እሱም መግቢያው ላይ ባለ የብረት መለኪያ ውስጥ ካልገባ አይጫንም። ጦርነት ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን "እሺ" አሉ።

ይህ "እሺ" እንቅልፍ ነሳት። ካውያው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ማራዘሚያው ተመለሰ፣ መቀሱም ተመለሰ፤ ያለ አንዳች ሙግት። ይባስ ብሎ ሻንጣውን ሲያሽጉ የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ መዝጋት ጀመሩ። ይህ ሰው ሊያስቀረኝ አንድ ነገር አስቧል፣ አለች በልቧ። በየምሽቱ ልትጠይቃቸው ትነሣና፣ ነገሩ እውነት ሆኖ እንዳይገኝ ፈርታ መልሳ ትቀመጣለች።

የጉዞው ዕለት ታክሲው ሲመጣ እሷ ቀድማ ገብታ ተቀመጠች። አቶ አይታወቅም በሩን ቆለፉ። እጀታውን ገፋ አደረጉት። ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመልሰው ደግመው ገፉት። እሷ ለሾፌሩ "ንዳው" ልትለው አፏን ከፍታ ሳለ መጡ። ሻንጣውን ከኋላ አስቀምጡት ሲባሉ እምቢ ብለው ጭናቸው ላይ አቀፉት። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው አንድ ክንድ ሄዶ ይቆማል። እሷ መስኮቱን፣ እሳቸው ሻንጣውን ሲያዩ ደረሱ።

መግቢያው ላይ ያለችው ሠራተኛ የብረት መለኪያውን በአገጯ አመለከተች። ሻንጣው እስከ ወገቡ ገብቶ ተሰነቀረ። አቶ አይታወቅም በመዳፋቸው ገፉት፣ በጉልበታቸው ተጫኑት። አልሆነም።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱለት፤ ልንዘጋ ነው" አለች ሠራተኛዋ።

ሻንጣውን መሬት ላይ አጋድመው ጥቂት ብቻ ከፈቱና በጭላንጭሉ እጃቸውን ሰደው የራሳቸውን ሸሚዝ አወጡ። ለበሱት። ሌላ ሸሚዝ አወጡ፤ በላዩ ደረቡት። ቀጥሎ ሹራቡ መጣ፤ እሱንም ለበሱት። ሱሪያቸውን በሱሪያቸው ላይ ሲያጠልቁ ከኋላ የተሰለፈው ሰው መሳቅ ጀመረ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ሻንጣው ተመልሶ መለኪያው ውስጥ ተሞከረ፤ አሁንም አንገቱ አልገባም።

"ከታች ያለው ምንድን ነው?" አለች ሚስታቸው።

"ምንም።"

"አውጣው።"

"ሌላ ነገር እንቀንስ። ጫማዬን ልተወው።"

ዓመት ሙሉ የቋጠረችው ነገር ፈነዳ። "አሁንም ልታስቀረኝ ነው" አለቻቸው። ተንበርክካ እጃቸውን ገፋ አደረገችና ዚፑን እስከ ጫፍ ከፈተችው። ከታች፣ ወለሉን ሙሉ ይዞ የተቀመጠውን ነገር ስባ አወጣችው።

ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት ነበር፤ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይሰምጥ የሚለብሰው። ወፍራም፣ አልታጠፍም ያለ፣ መታጠቂያው ከነአዲስነቱ።

ከዚህ በኋላ አቶ ማለቱን እንተወውና፣ ባሏ አንገቱን ደፋ።

"ያንቺ ነው" አላት። "ልክሽን እንዳልስት የሥራ ጋዋንሽን ሱቅ ድረስ ይዤ ሄጄ ነው ያስመረጥኩት።"

"ያንተስ?"

"ሁለት አልገባ አለኝ። ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።" በእጅጌው ላቡን ጠረገ። "እኔ ግድ የለኝም፤ ውሃው ውስጥ አልገባም። ዳር ተቀምጬ አይሻለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ትስቂብኛለሽ ብዬ። ዋና አትችዪም፤ እኔም አልችልም። ሊፍት ቢበላሽ ገመዱን አውቀዋለሁ፣ ወጥቼ አወርድሻለሁ። እዚያ ግን ብትሰምጪ ቆሜ ከማየት በቀር ምን አደርጋለሁ? ዓምናም እሱን እያሰብኩ ነው እጄ አልታዘዝ ያለኝ።"

ዓመት ሙሉ ከእሷ ጋር መሄድ የጠላ ሲመስላት የኖረው ሰው ፊቷ ቆሞ ነበር፤ ሦስት ሸሚዝና አንድ የሱፍ ሹራብ ደራርቦ፣ የልብሱን ቦታ ሁሉ ለእሷ ጃኬት ለቆ። ተናደደችበት፣ አሳዘናትም፣ ወደደችውም፤ የትኛው እንደቀደመ አላወቀችም።

ሠራተኛዋ ሰዓቷን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። የለበሱት ነገር አይለካም፣ አለቻት፤ ጋሼም እኮ ለብሰው ነው የሚገቡት።

ፀጉር ሠሪዋ ጃኬቱን ከመሬት አነሣችው። በጥሩ ቀሚሷ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ለበሰችው፤ መታጠቂያውንም ደረቷ ላይ ቀጭ አደረገች። ልኳ ነበር። ሻንጣው መለኪያው ውስጥ ገብቶ ወጣ። ከኋላ የሚስቀው ሳቀ፤ እሷ ዞር ብላም አላየችው።

ወደ አውሮፕላኑ በሚወስደው ረጅም መተላለፊያ ጎን ለጎን ሄዱ። እሱ በልብሱ ብዛት እጁን ማጠፍ አልቻለም፤ እሷ በጃኬቱ ውፍረት ጎኗን ማየት አልቻለችም።

"ዳር መቀመጥ የለም" አለችው። "እጄን ይዘህ ትገባለህ። እስከ ወገብ።"

"እስከ ቁርጭምጭሚት።"

"እስከ ወገብ አልኩህ።"

በሩ ጋ ሲደርሱ ያንን የማይታጠፍ ክንዱን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ መዳፉ በላብ ርሶ ነበር።

"እስከ ጉልበት" አላት። "ግን ቀስ እያልን።"