ነፃ የወጣው የከድር ላፕቶፕ

በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚጫነውን ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ሮቤ ኑና ጎረቤቴን ከድርን ላስተዋውቃችሁ። ላፕቶፑን ከዊንዶውስ ቀንበር ነፃ ካወጣ ወዲህ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ስለ ሊኑክስ ዳዕዋ ያደርጋል።

ባለፈው ሳምንት በርቀት የሚማረው የኮምፒውተር ትምህርት ፈተና ደረሰ፤ ካመለጠው ዓመቱን ሊደግም ነው። የፈተናው ፕሮግራም ግን ያለ ዊንዶውስ አልከፈትም አለ። ኮሌጁ ጋ ደወለ።

«አቶ ከድር፣ እንደ ሰው ዊንዶውስ ይጫኑ» አሉት።

«ወላሂ አልጭንም!»

ታዲያ ምን አደረገ ትላላችሁ? ሚስቱ ዘሃራ የራሷን ላፕቶፕ አቀበለችው።

«እንካ፣ ነፃ ባልወጣው ተፈተን።»

የመጀመሪያው ጥያቄ «የሊኑክስን ጥቅሞች አብራራ» ይላል። ከድር በሚስቱ ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን አወድሶ አወድሶ ፈተናውን አለፈ። ዘሃራ ግን «እንኳን ደስ ያለህ» ከማለቷ በፊት ላፕቶፗን ከፍታ፣ ዊንዶውሱ በቦታው መኖሩን አረጋገጠች።