ከቦርሳዬ የወጣች ኪኒን

እኛ ሰዎች መድኃኒት ላይ ያለን ቸርነት ለጉድ ነው። ጨው የምትሰስት ጎረቤት እንኳ ኪኒን ላይ እጇ አይታጠፍም። «ለኔ ፍቱን ናት፣ ዋጫት!» ብላ እጅሽ ላይ ታስቀምጥልሻለች። እናንተም ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ፤ አትዋሹኝ።

እዚህ ዓረብ አገር፣ ናይፍ ውስጥ፣ ስድስት ሆነን አልጋ አልጋ ተከራይተን በምንኖርበት ቢድ ስፔስ የመድኃኒት ቤቷ እኔ ነበርኩ። የደም ግፊት ካለብኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ኪኒኔም ተስማምታኛለች። ኡድ ሜታ ሰፈር ቢሮ የምታጸዳው የወሎዋ ልጅ ዘይነባ የራሷ የግፊት መድኃኒት አለቀባት። «እትዬ፣ ሐኪም ቤት የምሄድበት ፈቃድ እስካገኝ ምን ልሁን?» ብትለኝ፣ ከእሽጌ አሥር ፍሬ ቆርጬ ሰጠኋት። የሷ መድኃኒት ስሙ ሌላ እንደሆነ አይቻለሁ። ግፊት ግፊት ነው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሯ አብጦ ተነሳች። እዚህ አገር ከንፈርን በመርፌ ማስነፋት የማዳሞች ፋሽን ነውና «ዘይኔ፣ ማዳም ሆንሽ!» ብለን ሳቅንባት። እሷም መስታወት አይታ አብራን ሳቀች። ሻይ ሰጠናት፤ መዋጥ አቃታት። «እትዬ… ምላሴ ከበደኝ» ስትል ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ደነገጥኩ። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን «ያላ! ያላ!» እያልኩ ትንፋሿን እቆጥር ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አደረጉላትና ሐኪሙ በዓረብኛ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ጠየቀ። ዘይነባ እኔን አየችኝና ምንም እንዳልወሰደች ራሷን ነቀነቀች። እየታነቀችም እኔን ትሸፍናለች! ፖሊሱ፣ ቪዛው፣ ሹግሉ፣ ሥራዬ፣ ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀችስ ምን ልትባል ነው? እሽጉን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። «ዋላሂ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋት!» አልኩ፣ የተጠመቅኩት ሴትዮ።

ከቀትር በኋላ ትንፋሿ ተስተካከለ። ሐኪሙ ይህ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ከንፈርና ምላስ እንደሚያሳብጥ፣ ጉሮሮ ዘግቶም ሊገድል እንደሚችል፣ እሷ ዳግመኛ ይህን ዓይነት መንካት እንደሌለባትና ለሚያክማት ሁሉ መናገር እንዳለባት ነገረን። ቁጣ ስጠብቅ እሽጉን አገላብጦ አየና በረጋ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ከእሷ ሌላ ለስንት ሰው ሰጥተሻል?»

ስልኬን አወጣሁ። ሻርጃ ያሉት ሁለቱ አነሱ፤ ደህና ናቸው፣ እንዲያቆሙና ሐኪም እንዲያዩ ነገርኳቸው። የአጅማኗም አነሳች። በሰው የላክሁላት፣ ሐታ የምትሠራው ልጅ ግን ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። በአራተኛው አነሳች።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ በጣም ተስማማኝ! ግማሹንማ ለጓደኛዬ አካፈልኳት።»