አሥራ አንድ ለዜሮ

እስኪ እናንተ ፍረዱኝ፤ ጨዋታ ላይ ሰው ይፈራል? አሶሳና ግልገል በለስ ያለን አሥራ አንድ ሰዎች በስልካችን ምክር ቤት የሚቋቋምበት የመንግሥት ጨዋታ እንጫወታለን። ደመወዝ የለው፣ መኪና የለው፣ እስር ቤት እንኳ የለው!

ባለፈው ሳምንት ለምክር ቤታችን አፈ ጉባኤ ልንመርጥ ተሰየምን። ደንቡን አብጠርጥራ የምታውቀው የአሶሳዋ ጨርቅ ነጋዴ ሐሊማ ስለሆነች፣ እሷን ልንመርጥ በየግላችን ተስማምተን ነበር።

ጋሽ ደምሴስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ጋሽ ደምሴ ማለት ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭቡ ያረጁ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አጀንዳ የሚያስይዙ ሰው ናቸው። ራሳቸውን ዕጩ አደረጉና፣ «ጨዋታው ድምፅ በምስጢር ይሰጥ ይላል። በእኛ መካከል ምን ምስጢር አለ? ማንን እንደመረጣችሁ ስክሪንሾት አንሱና ግሩፑ ላይ ለጥፉ» አሉ።

ወይ ድፍረት! ደሜ ፈላ። ምን ሊያደርጉን ነው? ከስልካችን ሊያፈናቅሉን?

ውጤቱ ወጣ። ጋሽ ደምሴ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ፤ አሥራ አንድ ለዜሮ!

በንዴት ሐሊማ ጋ ደወልኩ። «አንቺ እንኳ ራስሽን አልመረጥሽም? ምን አስፈራሽ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ወላሂ፣ ከሁሉም ቀድሞ ግሩፑ ላይ የተለጠፈው ያንተ ስክሪንሾት ነው» አለችኝ።