ለአራስ ቤት ሂተር ስመርጥ የረሳሁት ነገር

እናንተዬ፣ ዛሬ ሰው ፊት እንዴት እንደቀለልኩ ብነግራችሁ ጉድ ነው የምትሉት!

መጀመሪያ የምስራች፦ አባት ሆኛለሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ! ባለቤቴ በሰላም ተገላግላ ሴት ልጅ ታቅፈናል።

እና የቂሊንጦን ኮንዶሚኒየም ብርድ ታውቁት የለ? አጥንት ድረስ ይገባል። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ መጥተው፣ "ከሰል ይቀጣጠልና ይግባ" አሉ።

ለጨቅላ ልጄ ከሰል? በፍጹም! ሂተር እገዛለሁ አልኩ።

"እሱ ይበቃታል?" አሉኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ።

"እማዬ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት!"

ጉራዬን አያችሁልኝ?

ስንት ዋት ሂተር እንደሚበቃን ለማስላት ዩቲዩብ ከፈትኩ። የመኝታ ቤቱን ርዝመት በወርድ በቁመት አባዛሁ። ግድግዳው ብሎኬት ነው ብዬ ዋት ጨመርኩ። መስኮቱ ንፋስ ያስገባል ብዬ ጨመርኩ። ልጅቷ አራስ ናት ብዬ ደግሞ ጨመርኩ። በቃ፣ ሱቁ ውስጥ ያለውን ትልቁን ተሸክሜ መጣሁ።

ጠዋት እናትና ልጅ ብቻቸውን ሳሉ አበራሁት። ሙቀቱ ልክክ አለ! ደረቴን ነፋሁ።

ከሰዓት ጠያቂ መጣ።

የብሎኩ እናቶች በሙሉ! "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" እያሉ ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። ትኩስ ገንፎ ቀረበ። በሩ ተዘጋ።

ወይ ጉዴ! ሁሉም በነጠላቸው ማራገብ ጀመሩ።

መስኮት ልከፍት ብነሳ አማቴ ጮሁብኝ፦ "ልጄን ንፋስ ልታስመታብኝ ነው? አራስ ቤት መስኮት ይከፈታል እንዴ!"

ሂተሩን እንዳላጠፋው ደግሞ እልህ ያዘኝ። ሞኝ አትሉኝም?

ከዚያ ልጄ ፊቷ በርበሬ መስሎ ማልቀስ ጀመረች።  ሁሉም እያዩኝ ሄጄ አጠፋሁት።

"ሲያሰላ እኛን አልቆጠረንም እኮ!" አሉ አማቴ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴም አብራ ሳቀች፣ ከዳተኛ!

ልጄ ወዲያው ጸጥ ብላ ተኛች። አማቴም ጠጋ ብለው በነጠላቸው ጫፍ የግንባሬን ላብ ጠረጉልኝ። "እንግዳው ሲሄድ መልሰህ ታበራዋለህ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ከሰሉን ትቼዋለሁ።"

ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ!

ነገ ደግሞ የባለቤቴ መስሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ አንድ አራስ ጠያቂ ስንት ዋት ነው?