አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ

ሰው ዕድሜ ሲሰጠው ከሚያየው ጉድ ሁሉ የባሰው፣ ጣል ብለው ያስተማሩት ሰዎች ተመልሰው መጥተው አትጣል ሲሉት መስማት ነው። እኔ ይህን ለማየት በቅቻለሁ። እናንተም አሽዶድ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ አይታችሁት ይሆናል፤ ካላያችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፣ ነገሩ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ነውና እናንተ ደጅ እስኪደርስ ተቀምጣችሁ ጠብቁ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ወደ እስራኤል በመጣን ሰሞን ባረፍንበት ሆቴል አንዲት ሴትዮ ተመድባልን ነበር። የአገሩን ኑሮ ታለማምዳችኋለች ነው የተባልነው፤ ዋናው ትምህርቷ ግን መጣል ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዱቄት ወተት ጣሳ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በርበሬ አስቀምጥበታለሁ ብላ አልጋዋ ሥር ታኖራለች። ሴትዮዋ ትመጣና ጣሳውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትከተዋለች። እናቴ መልሳ ታወጣዋለች፤ ሴትዮዋ መልሳ ትጥለዋለች። ይህ ጦርነት ሁለት ሳምንት ቆየና እናቴ ተሸነፈች። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ፣ ጎበዝ ተማሪዎች ወጣን። ጣሳ ጣልን፣ ጠርሙስ ጣልን፣ ደህናውን ወንበር መንገድ ዳር አቁሞ መሄድ ለመድን። እንግዲህስ ሠለጠንን ስንል፣ የዚያች ሴትዮ ልጅ ልትሆን የምትችል ወጣት ብቅ አለችና ጣሳ አጥቦ ናና መትከል ታስተምረን ጀመር። ያውም በስላይድ።

ነገሩ ስምም አለው፤ በዕብራይስጥ ኪያሙት ይሉታል። ወጣቷ ራካዜት ናት፣ በእኛ አፍ አስተባባሪ እንበላት። ይኼ ኪያሙት ምንድነው ብዬ ስጠይቃት፣ ያለንን ሳናባክን ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት ነው አለችኝ። የተቀደደን ጠግኖ መልበስ፣ የታጠበበትን ውሃ አትክልት ላይ መድፋት፣ የጎደለን ከጎረቤት መዋስ። እኛም ቤት ይኼ ሁሉ ነበረ። ድህነት ነበር የምንለው።

እኔ ማን ሆኜ ነው እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት አትሉም? ሥራዬ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና አንድ መጋዘን ውስጥ ማልገዛ መንዳት ነው፤ ያችን ከመደርደሪያ ዕቃ የምታወርደዋን መኪና። ዕብራይስጤን የተማርኩት ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ስጯጯህ ነውና ጮክ ያለ ነው። በሰፈራችን በሮቫ ዛይን ላሉ ሽማግሌዎቻችን ግን ይበቃል። የክሊኒክ ወረቀት ሲመጣ እኔን ነው፣ የመብራት ደብዳቤ ሲመጣ እኔን ነው። ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ሲኖር ቀስ በቀስ ነገሩ የራሱ ይመስለዋል፤ የሌላውን ቃል ማስተላለፉን ትቶ ማሳመር ይጀምራል። የእኔም ጥፋት ከዚህ ነው የመጣው፣ ቀድሜ ልናዘዝላችሁ።

አስተባባሪዋ ከአንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው የመጣችው። ሽማግሌዎቹ በሳምንት ሁለቴ የሚሰበሰቡበት ሞዓዶን፣ ማለት ክበባቸው ድረስ መጥታ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ግቢው ውስጥ የልውውጥ በዓል አለ አለች። «እቤታችሁ የማትጠቀሙበትን አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ ከሌላው ሰው ዕቃ ደግሞ የወደዳችሁትን ውሰዱ» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ሃያ የሚሆኑ ነጠላና ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። አሮጌ የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ አሮጌ ይዘው ሰው ፊት ይቅረቡ ተብሎ ለትልቅ ሰው እንዴት ይነገራል? እኛ ዘንድ ለሰው የሚሰጠው ደህናው ነው። እንግዳ ደህናው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ደህናው ብርጭቆ ይቀዳለታል፣ ባለቤት በተሸረፈው ይጠጣል። እና እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ከእያንዳንዳችሁ ቤት አንዳንድ ነገር ይምጣ። ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉና አደራ እንዳታሳፍሩን።» አስተባባሪዋ በአማርኛው ርዝመት ተደሰተች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግቢው አረንጓዴ ፊኛ በፊኛ ሆኖ ጠበቀን። ፕላስቲክ ይቁም የሚለው ጽሑፍ ሰፊ የፕላስቲክ ሸራ ላይ ታትሞ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ሥሩ የተደረደረው ውሃ በትንንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ ሁለቴ ጎንጨት ተብሎ የሚጣለው ዓይነት። ከባለጸጎቹ ሰፈር ከሮቫ ቴት ቫቭ የመጡት እንግዶች አየሩን ላለመበከል ሲሉ አንድ አንድ ሰው በየመኪናው ሆነው መጥተው፣ ማቆሚያ አጥተው መንገዱን ዘግተውታል። የመድረኩ ወጣት ስለ ምድር ሙቀት ሲናገር ለእሱ ብቻ የቆመ ትልቅ ማራገቢያ ከኋላው ያጓራ ነበር።

ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ ነበረ። በአንዱ ላይ የቴት ቫቭ ሰዎች ያመጡት ተዘረጋ። ገመድ የሌለው የዳቦ መጥበሻ፣ ፔዳሉ የማይዞር የቤት ውስጥ ብስክሌት፣ ግማሹ የጠፋ የልጆች መገጣጠሚያ፣ ስለ ክብደት መቀነስ የሚያወሩ መጻሕፍት። ሰዎቹ ጥፋት የለባቸውም፣ የተባሉትን ነው ያመጡት። በሌላው ጠረጴዛ ላይ የእኛ ሰዎች ያመጡት ተዘረጋ። ከነማሸጊያው ያለ ብርድ ልብስ፣ ስድስት ብርጭቆ ከነካርቶኑ፣ ልጆቻቸው ለበዓል የሰጧቸው ተከፍቶ የማያውቅ ሽቶ። እማማ ያልጋነሽ ደግሞ፣ ትከሻቸው ላይ አንድ የሳሳች ጋቢ ጣል አድርገው፣ በንጹሕ ከረጢት ያመጧትን አዲስ ጋቢ አውጥተው በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ነጭ ናት፤ በጠርዟ አንዲት ሰማያዊ ክር ትሄዳለች።

እማማ ያልጋነሽ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ከእኔ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ምንም ቢቸግራቸው ደጅ የማያንኳኩ፣ ብታንኳኳባቸው ግን ሳያበሉ የማይለቁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የእኛ ጠረጴዛ ባዶ ቀረ። የእነሱ ሞልቶ ቆመ፤ ከሽማግሌዎቻችን አንድም እጁን የዘረጋ የለም፣ በሰው ዕቃ ላይ መሻማት ነውር ነዋ። አስተባባሪዋ ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ብላ በየእጃቸው አንዳንድ ነገር አስጨበጠቻቸው። ከነልብሳቸው አርባ ኪሎ የማይሞሉት እማማ ያልጋነሽ የደረሳቸው የክብደት መቀነሻ መጽሐፍ ነው። ጋቢዋን አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አነሳቻት፣ አሸተተቻት፣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ፎቶ ተነሳችና ይዛት ሄደች። እኔ ቆሜ አየሁ።

መጽሐፉን ተሸክሜላቸው ወደ ቤት ስንሄድ ደረጃው ላይ ዐረፍ አሉ። ጋቢዋን ለኦስናት ነበር ያስቀመጧት፤ ለልጅ ልጃቸው፣ እርግዝናዋ ስምንት ወር ለገባው። ለአራስነቷ። ጥጡን እዚሁ አሽዶድ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው በገዛ እንዝርታቸው ፈትለው፣ ፈትሉን ወደ ጎንደር በሚሄድ ሰው ልከው፣ ሸማኔ ሠርቶት በሰው እጅ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፤ እንዝርት ነክተው አያውቁም። «የእጄ መጨረሻ ናት» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ሰጡ፣ እማማ?»

«አታሳፍሩን አልክ እኮ። ሌላ አዲስ ነገር ከቤቴ የለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁኑኑ ሄጄ አመጣታለሁ ብዬ ስነሳ እጄን ያዙኝ። የሰጡትን መልሱልኝ ማለት ለእሳቸው ከሞት የሚተናነስ ነገር አልነበረም። «ተዋት። ሰው ላይ ከሆነች ትሁን። አንዱን ብርዳም ካሞቀች ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። ይቺን ቃል ያዙልኝ።

እኔ ግን አልተውኩትም፤ ተደብቄ ለአስተባባሪዋ ደወልኩ። ጋቢዋን የወሰደችው ሴት ስፌት የምታስተምር የማኅበሩ ሰው ናት፣ ዕቃው በጣም ጥሩ እጅ ላይ ነው፣ ምንም አታስቡ አለችኝ። የጋቢዋ ባለቤት ግን ተጎድተዋል ለማለት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እማማ የከለከሉኝን ነገር መናገር ፈራሁ፤ እውነቱን ካወጣሁ ደግሞ የራሴም ጥፋት አብሮ ይወጣል።

በወሩ ሁለተኛው በዓል መጣ። ያው ፊኛ፣ ያው ሸራ። በዚህኛው የሽማግሌዎቻችን ጥበብ ይከበራል ተባለና እማማ ያልጋነሽ መድረክ ላይ ተጠሩ፤ እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። አስተባባሪዋ ማይክሮፎኑን ይዛ፣ ከእናንተ ምንም ነገር የማይጣል መሆኑን ተምረናል፣ ይኸው እኛም ተግባራዊ አደረግነው ብላ ስጦታ ሰጠቻቸው። የገበያ ቦርሳ ነው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያዝበት። ነጭ። በሆዱ ላይ በአረንጓዴ ቀለም በትልልቁ «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ» የሚል የዕብራይስጥ ጽሑፍ ታትሞበታል።

እማማ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይናቸው ደህና አያይም፤ ጣታቸው ግን ጠርዙን ይዞ ሄደ፣ ሄደ፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ሰማያዊዋ ክር ናት። ጣታቸውን ከእሷ ላይ ሳያነሱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው ከጋቢዋ ስንት ቦርሳ እንደወጣ ጠይቅልኝ አሉ። ጠየቅኩ። ስድስት፣ አምስቱ ገና ከመዘርጋታቸው አለቁ አለች አስተባባሪዋ፣ ፊቷ በርቶ። ይህን ነገርኳቸው። እማማ ማይክሮፎኑን እንድጠጋላቸው ምልክት ሰጡኝና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«በላት፣ እኔ የሰጠሁት ሰው እንዲሞቀው ነው። የፈተልኩት ለአራስ ልጄ ነበር። እኛ አገር ለሽንኩርት ጋቢ አይፈተልም። ይኼን ንገርልኝ።»

ግቢ ሙሉ ሰው ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። ያ ስለ ምድር ሙቀት የተናገረው ወጣት ካሜራ ደግኗል። አስተባባሪዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ገና ምን እንደተባለ ሳታውቅ። እና እኔ፣ ከሾፌር ጋር ስጨቃጨቅ ጎረቤት መጋዘን ድረስ የምሰማው ሰውዬ፣ ምን አልኩ? «ቶዳ ራባ ይላሉ» አልኩ። በጣም አመሰግናለሁ። ጭብጨባው ቀለጠ።

እማማ ጭብጨባው እስኪያልቅ በጨዋነት ቆመው ጠበቁ። ከመድረኩ ስንወርድ ክንዴን ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔ ብዙ ተናግሬ ነበር» አሉኝ። «ቶዳንማ እኔም አውቃታለሁ። ለእሷ አስተርጓሚ አላስፈልገኝም።»

ሌሊቱን ባልተኛም አትዘኑልኝ፣ ይገባኛል። በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የራሴን ውሸት ጨምሬ፣ ሁሉንም ለአስተባባሪዋ ነገርኳት። ከልቧ አለቀሰች፤ ይህን አልክድባትም። አልቅሳ ስታበቃ አፍንጫዋን በወረቀት ጠረገች፣ ወረቀቷን ለወረቀት በተለየው መጣያ ጨመረችና፣ ይህ እጅግ ልብ የሚነካ ታሪክ ነው፣ በሚቀጥለው በዓል መድረክ ላይ ይንገሩልን፣ አንተ ታስተረጉማለህ አለችኝ። ቀኑን እዚያው መዘገበችው።

ኦስናት በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው። እማማ ቦርሳዋን በመርፌ ፈትተው ሲዘረጓት ለእናቲቱ ትከሻ እንኳ የማትበቃ ሆነች፤ ለሕፃኑ ግን ልክ ናት። አረንጓዴው ጽሑፍ ሦስቴ ታጥቦ አልለቀቀም። ስለዚህ ትናንት ልጠይቅ ስሄድ ያገኘሁት፣ ሆዱ ላይ «ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ» ተብሎ የተጻፈበት የስምንት ቀን ልጅ ነው።

የአስተባባሪዋን ግብዣ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሕፃኑን እያሻሹ፣ ለሰው ግብዣ መልስ የሚያዘጋጅ ሰው እንደሚጠይቀው ጠየቁኝ።

«ምን ይዛችሁ ኑ ተባለ?»

በዚህ ጊዜ አላሳመርኩትም። «አሮጌ ዕቃ ነው የሚሉት፣ እማማ። ድሮም ያሉት አሮጌ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

እጃቸው ሕፃኑ ላይ ቆመ። ትከሻቸው ላይ ያለችውን ያችን የሳሳች ጋቢ ሰብሰብ አደረጉ።

«ምነው ያኔ ብትለኝ» አሉ። «አሮጌዋን እኮ ለብሻት ነበር የመጣሁት።»